የተመታ ልብና አዲሱ የደም መንገድ

የታመመ ሰው ይረፍ ማለት ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ የታወቀ ምክር ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ንዳድ የያዘውም ትኩሳቱ እስኪበርድለት ድረስ ከመኝታው አይነሣም። እንግዲህ ልቡ ታሞ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰውማ ከሁሉ ይልቅ ማረፍ ይገባዋል ብሎ ማሰብ ትክክል ይመስላል። ቤተ ሰብም፥ ወዳጅም፥ ጎረቤትም በዚሁ አሳብ ይተባበራሉ። በሽተኛው ከወንበሩ ብድግ ባለ ቁጥር «ይቀመጡ እንጂ፤ ምን ቸግሮዎት ይነሣሉ?» የማይለው ጠያቂ የለም።

ይሁን እንጂ ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ የልብ ሐኪሞች ያገኙት ዕውቀት ይህን የቆየ አሳብ ለውጦታል። በልክና በሥርዓት የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ የተጎዳውን ልብ የሚያግዘው እንጂ የሚያደክመው አይደለም፤ ደምም በጠበበው ሥር ፈንታ የሚያልፍበትን ሌላ መንገድ እንዲያሰፋ ይረዳዋል። ይህ ዕውቀት የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም። እንዴት እንደ ተገኘና ለበሽተኛው ምን እንደሚጠቅመው ከዚህ በታች ይገለጻል። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልብ ራሱን የሚመግበው እንዴት ነው?

ልብ የሰውን ጭብጥ የሚያህል፥ ክብደቱም 300 ግራም ገደማ የሆነ ጡንቻ ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ብዙ ሰው ልብ ዘወትር በደም የተሞላ ስለ ሆነ ምግቡን በውስጡ ከሚያልፈው ደም የሚወስድ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጀርባው በተሸከመው እንስራ ለመንደሩ ሁሉ ውሃ የሚያዳርስ ሰው ተቀድቶ ካልተሰጠው በቀር ለራሱ ጥም እንደማይጠጣ ሁሉ፥ ልብም ለመላው አካል ደም ሲያዳርስ የራሱን ድርሻ የሚቀበለው በተለዩ ሥሮች አማካይነት ነው።

ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ገና ከመነሻው ላይ ሁለት ቅርንጫፎችን፥ ማለት የቀኝና የግራ ያወጣል። እነዚህም ልብን እንደ አክሊል ስለሚከብቡት በሕክምና ቋንቋ «ኮሮናሪ» ተብለው ይጠራሉ። ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ በየደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል ደም ያልፍባቸዋል፤ ብርቱ ሥራ ሲሠራ ግን ይህ መጠን አራት ወይም አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በዕድሜ ብዛት፥ በትንባሆ፥ በደም ግፊት፥ በስኳር በሽታና በደም ውስጥ በሚበዛ ስብ ምክንያት የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ እየወፈረ ውስጣቸው ይጠባል። አንድ ቀን በሥሩ ግድግዳ ላይ የተከማቸው ስብ ይሰነጠቅና በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ደም በማጣቱ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በሽተኛው በሕይወት ከተረፈ የሞተው ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳም ኮማተር ብሎ ደም የመግፋት ኀይል የለውም።

አልጋ እንደ መድኃኒት በተቆጠረበት ዘመን

በ1768 ዊልያም ሄበርደን የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሐኪም በሎንዶን ከተማ ለሐኪሞች ማኅበር ባሰሙት ንግግር፥ ሰው በመንገድ ላይ ይልቁንም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዝና ቆም ሲል የሚለቀው ሕመም መኖሩን ገለጡ። ሐኪሙ ከሞቱ በኋላ በ1802 በታተመው መጽሐፋቸው ውስጥ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ይገኛል። እንዲህ ያለ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አንዱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥን ሥራዬ ብሎ ይዞ፥ ፈጽሞ ሊድን ጥቂት ብቻ እንደ ቀረው ጽፈዋል። ምክንያቱን በዚያ ዘመን ሊያስረዳ የሚችል አልነበረም፤ ስለዚህ የእንጨት ቆራጩ ነገር ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቀረ።

በ1912 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ የልብ ሥር በድንገት ቢዘጋ ሰው ሁሉ ወዲያው እንደማይሞት፥ የሚተርፍም እንዳለ አስረዱ። ለተረፈውም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ፍጹም ዕረፍት እንዲሰጠው መከሩ። በ1939 ደግሞ በቦስተን ከተማ የሞቱ ሰዎችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች ቁስሉ ጠባሳ እስኪሆን ድረስ ብዙ ሳምንታት እንደሚወስድበት አሳዩ። ከዚህም የተነሣ በሽተኛውን ስድስት ሳምንት ያህል በጀርባው ማስተኛት የተለመደ ሕክምና ሆነ። በብዙ ሆስፒታል በሽተኛው በራሱ እጅ እንዳይበላ፥ ጢሙን እንዳይላጭ፥ ከጎን ወደ ጎንም ያለ ረዳት እንዳይገላበጥ ይከለከል ነበር።

የዚህ ሕክምና ዋጋ ከባድ ነበር። ለረጅም ጊዜ በተኛ ሰው እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሲገባ በድንገት ይገድላል። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጀርባ ይቆስላል፤ ሳንባ ይታመማል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመንፈስ መውደቅ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ «ብትንቀሳቀስ ትሞታለህ» የተባለ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ፍርሃቱን አብሮ ይዞ ይገባል፤ ሥራውን ይተዋል፤ ደረጃ መውጣትን ይፈራል፤ ሕይወቱም ሳይሞት ያበቃል።

ዕረፍት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎዳ በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ በተደረገ ምርመራ በግልጥ ታየ። አምስት ጤናማ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰውነታቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ በኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች በጎልማስነታቸው እንደ ገና ተመረመሩ። ሠላሳ የዕድሜ ዓመታት ከችሎታቸው የቀነሱት የሦስት ሳምንቱ አልጋ ቀንሶት ከነበረው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከአልጋ ወደ ወንበር፥ ከወንበር ወደ ጎዳና

የአልጋውን ልማድ በግልጥ ከተቃወሙት ውስጥ የቦስተኑ ሐኪም ሳሙኤል ሌቪንና ወጣቱ ረዳታቸው በርናርድ ላውን ይገኙበታል። እነዚህ ሐኪሞች በ1952 ባሳተሙት ጽሑፍ 81 በሽተኞችን ከሕመሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀኖች ከአልጋ አንሥተው በባለ መደገፊያ ወንበር ላይ እንዳስቀመጧቸው ገለጡ። የተቀመጠ ሰው ደሙ በከፊል ወደ እግሩ ስለሚወርድ የልብ ሸክም ይቀላል የሚል ምክንያትም አቀረቡ። በብዙ ሐኪሞች ዘንድ ነገሩ እንደ ጭካኔ ተቆጥሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተፈራው ጉዳት አልደረሰም፤ በሽተኞቹም በመንፈስ በረቱ።

ብዙ ሳይቆይ መስከረም 24 ቀን 1955 ዕድሜያቸው 64 ዓመት የነበረው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በዴንቨር ከተማ ሳሉ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተያዙ። ለምክር ከቦስተን የተጠሩት ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ነበሩ። እኒህ ሐኪም ራሳቸው በእግር መሄድና ብስክሌት መንዳት የሚያዘወትሩ፥ እንቅስቃሴም ለልብ መልካም መሆኑን ዘወትር የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። የፕሬዚዳንቱን ሕመም ለሕዝብ በግልጥ አስረዱ፤ በሽተኛው ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉም ተናገሩ። ፕሬዚዳንቱ ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ከሆስፒታል ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1956 ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ እስከ 1969 ድረስም በሕይወት ኖሩ። የዓለም ጋዜጦች በየቀኑ የተከታተሉት ይህ ነገር ልቡ የታመመ ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን አካለ ስንኩል ሆኖ ይቀራል የሚለውን እምነት ከብዙ ሰው ልብ አወጣ።

ከዚህ ቀደም ሲል በ1953 በሎንዶን ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ከተማዪቱ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንድ አውቶቡስ ላይ አብረው ከሚውሉት ከእነዚህ ሰዎች መካከል ድንገተኛ የልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጠቃውና የሚገድለው ሾፌሮቹን ሆኖ ተገኘ።

የጎን መንገድ እንዴት ይከፈታል?

እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠቅም ከታየ በኋላ ጥያቄው «በምን መንገድ?» የሚል ሆነ። ለመልሱ መነሻ የሚሆነው ነገር በ1669 ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሎወር በአንዱ የልብ ሥር ውስጥ የተጨመረ ፈሳሽ ወደ ሌላው ሥር እንደሚሻገር አመለከቱ። ይኸውም በታላላቆቹ ሥሮች መካከል የሚያገናኙ ቀጫጭን የጎን ሥሮች መኖራቸውን ያስረዳል። የጎን ሥሮች ብዛትና ስፋት በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ከተፈጥሮው የተሻለ መጠን አለው፤ እንዲህ ያለው ሰው አንዱ ሥር ቢዘጋበት እንኳ ጉዳቱ ያንስለታል።

በ1957 ሪቻርድ ኤክስታይን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪ የውሾችን የልብ ሥር በቀዶ ሕክምና በልክ አጠበቡ። ከዚያም ከፊሎቹ ውሾች ለሳምንታት በየቀኑ እንዲሮጡ፥ ከፊሎቹም በቤታቸው ዐርፈው እንዲቀመጡ አደረጉ። በመጨረሻ ሲመረመሩ የሮጡት ውሾች የጎን ሥሮች ካረፉት ይልቅ ሰፍተው ብዙ ደም የሚያሳልፉ ሆነው ተገኙ።

ዛሬ የዚህ ነገር አሠራር በይበልጥ ታውቋል። ዋናው ሥር ሲጠብ ከጠበበው ቦታ በታች ያለው የደም ግፊት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደም ግፊቱ ከፍ ካለበት ከጎረቤት ሥር ተነሥቶ በቀጫጭኖቹ የጎን ሥሮች በኩል ወደዚያ ይሻገራል። የሚፈሰው ደም የሥሩን የውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ ስለሚያልፍ፥ ግድግዳውን የሸፈኑት ጥቃቅን ሕዋሳት የፍሰቱን ብርታት ያውቃሉ። በዚያን ጊዜ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ሥር የሚያላላ ነገር ያመነጫሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ወደ ቦታው ይጠራሉ። አሮጌው ጠባብ ግድግዳ እየፈረሰ በሰፊ ግድግዳ ይተካል። ነገሩ በሜዳ ላይ እንዳለ የእግር መንገድ ነው፤ ማንም ካልሄደበት ሣር ይውጠዋል፤ ሰው በተመላለሰበት ቁጥር ግን እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ጭነት የሚያልፍበት ጎዳና ይሆናል። በእንቅስቃሴ ጊዜ በልብ ሥሮች የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር፥ እንቅስቃሴ የዚህ መንገድ ተመላላሽ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የተለየ ሁለተኛ አሠራርም አለ። ኦክሲጅን ያነሰው የጡንቻ ክፍል አዳዲስ ሥር እንዲበቅል የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ በዚህም ምክንያት እንደ ጠጉር የቀጠኑ ሥሮች ከነበሩት ላይ ያቆጠቁጣሉ። ሕዋሳት የኦክሲጅንን ማነስ የሚያውቁበትን መንገድ ያገኙት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ቢበዙም የታላቁን ሥር ሥራ ሊተኩ አይችሉም፤ ዋናው ተስፋ አስቀድሞ የነበሩት የጎን ሥሮች መስፋት ነው።

ተስፋና ልኩ

በውሻ የታየውን በሰው ላይ ማረጋገጥ ቀላል አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓመታት በራጅ ሥዕል የተደረገ ምርመራ አንድ ዓመት ሙሉ በእንቅስቃሴ በቆዩ በሽተኞች ልብ ውስጥ የጎን ሥሮች መጨመራቸውን ሊያሳይ ስላልቻለ ብዙ ሐኪሞች ተጠራጥረው ነበር። የራጅ ሥዕል ግን ከሁሉ የቀጠኑትን ሥሮች አያሳይም። ከዚህ በኋላ ሌላ ዘዴ ተገኘ፤ ይኸውም ሥሩን በትንሽ ፊኛ ለአጭር ጊዜ ዘግቶ ከበስተ ጀርባው በጎን መንገድ የሚደርሰውን የደም ግፊት በቀጭን ሽቦ መለካት ነው። በጀርመን አገር በላይፕዚግ የተደረገውና በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ ዘዴ የልብ ሥራቸው የጠበበ 60 በሽተኞችን መረመረ። በአራት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ እንቅስቃሴ ያደረጉት ሰዎች የጎን ፍሰት መለኪያ ከመቶ 40 እጅ ያህል ጨመረ። እንቅስቃሴው ብርቱ ለነበረውም መካከለኛ ለነበረውም ጭማሪው ተቀራራቢ ነበር፤ በልማዳቸው የቆዩት ግን ለውጥ አላሳዩም። የተመረመሩት ሰዎች ቍጥር ጥቂት ቢሆንም፥ ነገሩ በሰውም ዘንድ እንደሚቻል ጥናቱ አሳይቷል።

በዚያው ከተማ በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ 101 ወንዶችን ለሁለት ከፈለ። ከፊሎቹ የጠበበው ሥር በሽቦ ወንፊት እንዲሰፋላቸው ተደረገ፤ ከፊሎቹ በየቀኑ በቆመ ብስክሌት ላይ 20 ደቂቃ ሠሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ አዲስ የልብ አደጋ ሳያገኛቸው የቆዩት ብስክሌት ከነዱት ከመቶ 88፥ ሥራቸው ከሰፋላቸውም ከመቶ 70 ሆኑ።

ይህን የሚሰማ ሰው ግን አንድ ነገር እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። ልብ በድንገት በተመታበት ሰዓት እንቅስቃሴ መድኃኒት አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚያድነው በቶሎ ሆስፒታል ደርሶ የተዘጋውን ሥር ማስከፈት ብቻ ነው፤ የባከነች ደቂቃ ሁሉ ከጡንቻው ትቀንሳለች። ደግሞም የሞተ የልብ ጡንቻ በእንቅስቃሴ አይነሣም። የልብ ሕዋሳት የሚታደሱት በጣም በዝግታ ነው፤ በ25 ዓመት ወጣት ዘንድ እንኳ በዓመት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። እንቅስቃሴ የሚረዳው በጠባሳው ዙሪያ ያለውንና በሕይወት የቀረውን ጡንቻ ነው።

ጥቅሙ በጎን ሥሮች ብቻም የተወሰነ አይደለም። የሠለጠነ ጡንቻ ለአንድ ሥራ የሚፈልገው የልብ ድካም ያነሰ ነው፤ የልብ ምትም ይዘገያል። በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታ የነበረ ልብ ወደ 65 ቢወርድ በቀን 14,400 ምት ይቆጥባል። የግራው የልብ ክፍል ደሙን ይበልጡን የሚቀበለው በሁለት ምት መካከል በሚያርፍበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ምቱ ሲዘገይ የመመገቢያ ጊዜው ይረዝማል። እንግዲህ የሚሠራው ልብ ካልሠራው ይልቅ ያርፋል። በ2021 የታተመና 85 ጥናቶችን፥ ከ23,000 የሚበልጡ በሽተኞችንም የመረመረ ዘገባ፥ በሥርዓት እንቅስቃሴ ያደረጉት ሕመሙ እንደ ገና የሚያገኛቸውና ወደ ሆስፒታል የሚመለሱት በቍጥር ያነሱ መሆናቸውን አረጋግጧል።

በሽተኛው እንዴት ይጀምር?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ነገር የተተረተ ይመስላል። አጀማመሩ በሐኪም ፈቃድ ነው። በሆስፒታል ውስጥ መቀመጥ፥ መቆም፥ ከዚያም በኮሪደሩ ላይ ጥቂት መራመድ ይቀድማል። በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐኪሙ ልቡን በሥራ ጊዜ መርምሮ ልኩን ይነግረዋል። ብዙውን ጊዜ በደልዳላ መንገድ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በእግር በመሄድ ይጀመራል፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ በሳምንት ውስጥ በአብዛኛው ቀን እስከ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ እየተራመደ ከጓደኛው ጋር መነጋገር የሚችል ሰው በልኩ ነው፤ ቃል ከአፉ መውጣት እስኪያቅተው ድረስ የሚያለከልክ ግን ከልኩ አልፏል።

እንቅስቃሴው በዝግታ ተጀምሮ በዝግታ ሊቆም ይገባል እንጂ በድንገት መነሣትና በድንገት መቆም አይገባም። ከከባድ ምግብ በኋላ ወዲያው፥ በብርቱ ሙቀት ወይም ብርድ ጊዜም መሥራት መልካም አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ደግሞ በተለይ ይጠንቀቅ። ከምጽዋ ተነሥቶ አስመራ የደረሰ ሰው 2,300 ሜትር ያህል ስለ ወጣ፥ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በሩብ ገደማ ይቀንስበታል። ስለዚህ በቆላ የለመደውን ርምጃ በደጋ አሳንሶ መጀመር ይኖርበታል። በመንገድ ላይ ደረቱን ቢጨንቀው፥ ቢያዞረው፥ ትንፋሹ ቢቆራረጥ ወይም የልቡ ምት ቢዛባ ወዲያው ይቁም፤ ሕመሙ ካልለቀቀውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። የታዘዘለትን መድኃኒት መተው፥ ወይም ትንባሆ እያጤሱ በእንቅስቃሴ መታመን ግን ራስን ማታለል ነው።

የቤተ ሰብ ድርሻም ታላቅ ነው። በፍቅር ብዛት በሽተኛውን ከወንበሩ እንዳይነሣ የሚከለክል ቤት፥ ሳያውቀው የአልጋውን ዘመን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ጠያቂም ቢሆን «አይነሡ» ከማለት ይልቅ «ተነሡ፤ እስከ ማዶ አብረን እንሂድ» ብሎ ጥቂት ቢሸኛቸው፥ ከዚያ የበለጠ ጉብኝት አይኖርም። ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ጋር በየማለዳው የሚራመድ ሰው እግሩን ብቻ ሳይሆን ተስፋውንም ያሠለጥናል፤ ትናንት ያስፈራው ዳገት ዛሬ ሲያልፈው ፍርሃቱ ይቀንሳል።

የሄበርደን እንጨት ቆራጭ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መጋዙን ሲስብ በደረቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር፤ ሐኪሙም አያውቁም ነበር። ዛሬ ምክንያቱ በአብዛኛው ታውቋል። ደም መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱም የሚሰፋው በመመላለስ ነው። በሐኪም ምክር፥ በልክና በትዕግሥት የሚራመድ በሽተኛ በእያንዳንዱ ርምጃው ያንን መንገድ ያሰፋል።